ሳይስቅ አይገፋም

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን የማትለቅ ሴት ናት። ሌሎች ሰፊዎች «ይኼስ አይሆንም» ብለው የመለሱትን ካፖርት ስፌቱን ፈትታ፣ ገልብጣ፣ አዲስ አስመስላ ታስረክባለች። አንድያ ልጇ ሲወለድ አንጎሉ ተጎድቶ ስለነበር ሁለቱም ባቶቹ እንደ ተወጠረ ገመድ የጠነከሩ ናቸው። ደግፈው ሲያቆሙት በእግሩ ጣቶች ጫፍ ብቻ ይቆማል። ፊቱን ኮስተር አድርጎ ሰው ሁሉ ላይ ስለሚያፈጥ ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል።

ሆስፒታል የምታክመው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለእግሮቹ የፕላስቲክ መደገፊያ አሠራችለት። ተረከዙ ግን አልወርድ ስላለ ማሰሪያው አልገጠመም። ስለዚህ ባቱን በሞቀ ፎጣ እያፍታታች፣ ውስጥ እግሩን ቀስ ብላ ወደ ላይ እየገፋች እንድትይዝለት እናቱን አስተማረቻት። በሁለት ወር ውስጥ ተረከዙ ካልተቀመጠ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ማስረዘም የግድ እንደሚሆንም ነገረቻት። እኛ ጎረቤቶቿ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን ልናጽናናት ብንሞክር፣ «ለእንቁላሉ ሁለት ወር ብቻ ነው አላሉትም» አለችን።

ያስቸገሯት አማቷ፣ የባሏ አባት ነበሩ። ከአውቶቡስ ሾፌርነት ጡረታ የወጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሲያለቅስ ግን አንጀታቸው አይችልም፤ ሥራው ሳያልቅ ከእጇ ነጥቀው ያቅፉታል። ብትለምናቸው፣ ብትቆጣቸው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ጨከነችና በሩን ቆለፈችባቸው። እሳቸው ውጭ ያጉረመርማሉ፣ ልጁ ውስጥ ያለቅሳል፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ትገፋለች።

አንድ ወር እንዳለፈ ሆስፒታል ሲሄዱ ባለሙያዋ እስቲ ስትሠሪ ልይሽ አለቻት። ልጁ የእናቱን እጆች ገና ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፤ እግሩም ከበፊቱ ይልቅ ግትር አለ። ባለሙያዋ እጇን ያዝ አድርጋ አስቆመቻት።

«ሲያለቅስ ጡንቻው ይኮማተራል፣ እህቴ። አንቺ ስትገፊ እሱ ይመልስብሻል። ከማን ጋር ነው የሚስቀው?»

ሰፊዋ ወደ በሩ ዞር አለች። መልሱ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር።

እቤት እንደገቡ ልጁን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አባባ፣ ይግቡ። ያለ እርስዎ አይላላልኝም።»

«ትናንት ያባረርሽውን ሾፌር ዛሬ ትቀጥሪያለሽ?» አሉ ሽማግሌው። ገቡም።

ልጁን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የድስት ክዳን መሪ ሆነ፣ ሞተሩ በአፋቸው ተነሣ። «ይኼ ተረከዝ የሚባል ተሳፋሪ ፌርማታው ደርሶ አልወርድም ብሏል» እያሉ ለዳኛው አቤት ይላሉ። ዳኛው ሲንከተከት ባቱ በእናቱ መዳፍ ውስጥ ላላ ይላል። ያኔ ትገፋለች፣ ትይዛለች። ሳቁ ሲቆም እጇም ይቆማል። እግዚአብሔር ለአንድ ቤት የሚያስፈልገውን እዚያው ቤት ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ያን ሰሞን አየሁ። ታዲያ እሷም ጠዋትና ማታ አላሳረፈቻቸውም። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው የተዘጋ ጊዜ እንኳ በእጅ ምልክት ብቻ አስነዳቻቸው።

በቀጠሮው ቀን የቀኙ ተረከዝ መደገፊያው ውስጥ ቁጭ አለ፤ ማሰሪያውም ገጠመ። የግራው ግን አንድ ጣት ያህል ቀረው። ባለሙያዋ ደጋግማ ለካች። ቀኙ ከቢላዋ ተርፏል፤ ለግራው ደግሞ ሌላ ሁለት ወር ልታገሥ አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሰፊዋ መደገፊያዎቹን በፌስታል አንጠልጥላ፣ ዛሬ ማታ ግራው ላይ እንበርታበት ብላ አማቷን አሳሰበች።

«ሾፌር በባዶ ሆዱ አይነዳም» አሉ እሳቸው፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ለልጁ እያሳዩ።

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። እናቱ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ሳቁ ሳያልፍባት እዚያው ሰው መሐል ተንበርክካ የግራ ጫማውን አወለቀች።