በር ላይ የቀመሱልኝ እናት

የያዙኝ ረቡዕ ጠዋት፣ ቢሮዬ ውስጥ ነው። ረመዳን ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። አራት ሰዎች መጡ፤ ሁለቱ የደንብ ልብስ አልለበሱም። የዱሃ ሶላት ሰግጄ ገና መነሳቴ ስለነበር መስገጃዬ ወለሉ ላይ ነበር። አንደኛው እንዳይረግጠው ዞሮ አለፈ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቢሮው ወሰን ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጋራዥ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ኩባንያ እንለዋለን እንጂ አምስት ሰዎችና ሁለት ካሜራዎች ነበርን። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት በቴሌቪዥን ጣቢያ ሠርቻለሁ። ጽሑፍ በመተየብ ጀምሬ የልጆች ፕሮግራም ፕሮዲዩሰር እስከመሆን ደረስኩ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ የራሴን ከፈትኩ። ታች ላሜራ ሲቀጠቀጥ ድምፅ መቅዳት ስለማይቻል የምንቀርፀው የጋራዡ ሰዎች ምሳ ሲወጡ ነበር። መዶሻው ሲጀምር እናቆማለን። ያን ሁሉ ዓመት የሠራነውን በዚያች የምሳ ሰዓት ነው የሠራነው።

የወሰዱኝ ጣቢያ እዚያው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሦስት ፍራሽ ነበረ፤ አንደኛው እርጥብ ነው። የብረት በሩ ቀን ቀን ስለሚከፈት ግቢው ውስጥ ገመድ እስከተዘረጋበት ድረስ መውጣት እንችላለን። ከገመዱ ጥግ ሲቆሙ ከቆርቆሮው አጥር በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ በግራ በኩል የግቢው በር።

አንዲት ሴት ቀድማኝ ገብታ ነበር። ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሻንጣ የምትነግድ ናት።

«በምን ገባሽ?» አለችኝ።

«በፕሮግራም።»

«የምን ፕሮግራም?»

«የቴሌቪዥን።»

«እኔ በጥፊ ነው» አለች። «ያንቺ ይከብዳል። የኔ፣ የተመታው ሰውዬ ይቅር ካለኝ ያልቃል። ያንቺን ማን ይቅር ይላል?»

ደረቁን ፍራሽ ለእኔ ተወችልኝ።

የጣቢያውን ሥርዓት የነገረችኝ እሷ ናት። ስንቅ የሚገባው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። ያመጣው ሰው በር ላይ፣ ዘበኛው ፊት፣ ከምግቡ ቀምሶ ያስገባል። ምግብ ውስጥ ነገር ተጨምሮ እንዳይሆን ነው።

ሐሙስ ቀን ልጄ መጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከገመዱ ጥግ ሆኜ ሁሉን አየሁ።

«ቅመሺ» አላት ዘበኛው።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ይቅመስ?»

«እርስዎ ይቅመሱት።»

«እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አልበላም» አለ። ከተሰለፉት አንዱ «ሁሉ ጾመኛ ከሆነ ምግብ ለማን ተፈጠረ?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ዘበኛው ግን አልሳቀም። ልጄ ሳህኗን መልሳ በፌስታል ቋጠረች። እጇን አንሥታ አሳየችኝና ሄደች። ያን ዕለት በቧንቧ ውሃና አብራኝ የታሰረችው ጓደኛዬ ባካፈለችኝ ዳቦ አፈጠርኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው አልተቋረጠም ነበር።

ዓርብ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። ወንበር ስቦልኝ «የልጆች ፕሮግራምዎን እያየሁ ነው ያደግኩት» አለኝ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረ።

የከፈተው የታሰርኩበትን ፕሮግራም ነው። አንዲት እናት ስለ ልጃቸው የተናገሩበት ነው። ሰዎች ልጁን ከቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የነገራቸው የለም። ፊታቸውን አጨልመን፣ ድምፃቸውን ለውጠን ነው ያስተላለፍነው። እኛ ዘንድ አንድ አሠራር ነበረን፦ ፊቱ የተሸፈነ ሰው ፕሮግራሙ ከመተላለፉ በፊት መጥቶ ራሱን ያያል። ራሱን ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነውና እሱ «አላወቅኩትም» ካለ ይተላለፋል። እኚህ እናት መጥተው አዩና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብለው ሳቁ። ደስ አለን። የስሕተታችን ምንጭ ይኸው ነው፤ ሁላችንም የምናየው ፊታቸውን ብቻ ነበር። መሐል ላይ ለአፍታ እጃቸው ይታያል። ድሮ ከእንጦጦ እንጨት ሲለቅሙ መጥረቢያ የቀኝ እጃቸውን የቀለበት ጣት ቆርጦታል። ግማሹ የለም።

መርማሪው ምስሉን እጃቸው ላይ አቆመው።

«የሴትየዋን ስም ይንገሩኝና ዛሬ ከልጅዎ ጋር ያፈጥራሉ።»

«አደራ ነው» አልኩት።

«ልጅዎም አደራ ናት። ትናንት ከነምግቧ ስትመለስ አይቻታለሁ።»

ልጄ ብቻዋን ነበረች፤ ባዶ ቤት ነው የምታፈጥረው። ስማቸው አፌ ላይ ነበር። ላኢላሃ ኢለላህ እያልኩ ወለሉን አየሁ።

«ያስቡበት» አለና ስልኩ ሲጮህ አብሮኝ ወደ ግቢው ወጣ።

ስድስት ሰዓት አልፏል። ሰው በር ላይ ተሰልፏል። ልጄ ከፊት ናት፤ ዘበኛው የትናንቱ ነው፣ ዛሬም «ቅመሺ» ይላታል። ከልጄ ኋላ ነጠላ ያጣፉ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ቀና ሲሉ አየኋቸው። እሳቸው ናቸው፤ የፕሮግራሙ እናት።

ወደ ዘበኛው ሊናገሩ አንድ እርምጃ ወጡ። አፋቸው ተከፍቷል። ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ ፊቴን ወደ ጋራው አዞርኩ። ለሰው ሰላምታ ነፍጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ነፈግኳቸው። መርማሪው ከኔ ሁለት እርምጃ ርቆ በስልክ ያወራል።

ድምፃቸውን ሰማሁ።

«እኔ ልቅመስላት።»

«እማማ፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«ምኗም አይደለሁም። ጾመኛ ልጅ ታመላልሳለህ፣ አታፍርም?»

«ትእዛዝ ነው እማማ። እርስዎስ አይጾሙም እንዴ? ገና ስድስት ሰዓት እኮ ነው።»

«እሱን ከነፍስ አባቴ ጋር እጨራረሳለሁ። ምንድነው ልጄ?»

«ምስር ነው» አለች ልጄ። «ቅቤ የለውም እማማ፣ በዘይት ነው።»

«እንግዲያው ክፈቺው።»

ዞሬ አየሁ። አለማየት አልቻልኩም። ቀኝ እጃቸው ከነጠላው ወጣ። በዚያ እጅ ከእንጀራው ቆረሱ፣ ምስሩን ጠቀሱ፣ ጎረሱ። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አፋቸውን ያያል።

«ይዋጡት እማማ።»

«ዋጥኩት። ይኸው፣ ግባና ፈትሽ» ብለው አፋቸውን ከፈቱለት።

ሰልፉ ሳቀ። መርማሪው ሳቁን ሰምቶ ዞረ። አፏን የከፈተች አሮጊት አየ፤ ፈገግ አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እጃቸው ያን ጊዜ ነጠላው ውስጥ ገብቷል። ልጄን ጉንጯን ሳሟትና ቀስ ብለው ወደ አስፋልቱ ወጡ። ወደ እኔ አላዩም።

ምግቡ ገባ። መርማሪው ስልኩን ዘግቶ «አሰቡበት?» አለኝ።

«አስቤያለሁ። አልነግርዎትም» አልኩት። ከዚያ በፊት ድምፄ እንዲያ ጸንቶ አያውቅም።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲሆን ሳህኑን ከፈትኩ። የቆረሱበት ጎን ይታወቃል። ሳህኑን አዙሬ ከዚያ ጀመርኩ። ጓደኛዬ ምስሩን ጎርሳ «ጨው የለውም» አለች። ልጄ ጾም ላይ ሆና ነው የሠራችው፤ መቅመስ አልቻለችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘበኛው ልጄን ቅመሺ ብሏት አያውቅም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያለ ክስ ተለቀቅሁ። ካሜራዎቹና ኮምፒዩተሮቹ ግን አልተመለሱም። ፈቃዱም አልታደሰም። አብረውኝ ከሠሩት ልጆች አንዱ ሠርግ ይቀርፃል፤ የሌሎቹን ደኅንነት በየጊዜው እጠይቃለሁ። ክፍሎቹን ጋራዡ ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራያቸው።

ከዒድ በኋላ ወደ እንጦጦ ጋራ ወጥቼ እናትየዋን ቤታቸው አገኘኋቸው። ያን ቀን ለምን እንደመጡ ጠየቅኳቸው።

«‹እኔ ነኝ፣ እሷን ልቀቋት› ልላቸው ነበር» አሉ። «ፊትሽን ስታዞሪ እንዳልናገር እንደፈለግሽ ገባኝ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ቀመስኩ። ነፍስ አባቴ መቶ ስግደት ጨመሩብኝ፤ በዚህ ጉልበት።»

አብረን ሳቅን፤ ከዚያ አብረን አለቀስን። የልጃቸው ወሬ አሁንም አልነበረም።

ዘንድሮ መታመማቸውን ሰምቼ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፄን ሰምተው ነው የለዩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አሁን ስሜን ተናገሪ» አሉኝ። «ምን ይሆናል ከእንግዲህ? ስትቀርጹኝም አስቤው ነበር፣ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ተውኩት። ልጄ በሕይወት ካለ፣ የሆነ ቦታ ቴሌቪዥን ቢያይ፣ ፊቴ ጨልሞ ድምፄ ተለውጦ በምን ያውቀኛል?»

ከሚፈልጓቸው ሰዎች ስሸሽጋቸው ከልጃቸውም መሸሸጌን አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

«እማማ፣ ፕሮግራም የለኝም እኮ አሁን» አልኳቸው።

«ምንም?»

«ምንም።»

እጄን ፈልገው ያዙ። «ካልሆነ በጸሎትሽ ጥሪን» አሉኝ።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ የሁለቱንም ስም ከነአባታቸው እጠራለሁ። በልቤ ብለው አላህ እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ድምፅ አውጥቼ ነው የምጠራቸው።