የእትየ ወለተሩፋኤል ፈቃድና የጎንደር ቅዳሴ

እትየ ወለተሩፋኤል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ነገር ግን ጠጅ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለውን ፈቃድ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። በተለይ አራተኛውን መስመር፦ «ሠራተኛው ላጠፋው ተጠያቂው ባለፈቃዱ ነው።» «አንተ ታጠፋለህ፣ እኔ እከፍላለሁ» እያሉ አሳላፊያቸውን ቢያዝንን የሚያስፈራሩት በዚህችው መስመር ነበር። ቢያዝን ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ሲቀዳ ጠብታ የማያፈስ፣ ሲበዛ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ጣጣውን ያመጣውም ይኸው ፈሪሃ እግዚአብሔሩ ነው።

በ1946 ዓ.ም. እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ መጠጥ መሸጥ ክልክል ነበር። ትእዛዙ ደግ ነው፤ ያወጣው ሰው ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ካለበት አገር የመጣ መሆን አለበት። እኛ ጎንደር ዘንድ ታቦቱ አርባ አራት ነው። አንዱ ጋ ሕዝቡ ተሰናብቶ ሲወጣ ሌላው ጋ ገና ወንጌል ይነበባል።

አንድ እሑድ ቢያዝን ልደታ አስቀድሶ፣ ጠበሉን ጠጥቶ መጣና በሩን ከፈተ። የመጀመሪያዋን ብርሌ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሁለቴ እንኳ ሳልጎነጭ ተቆጣጣሪው ገባ።

«ቅዳሴ መቼ ወጣና ነው?» አለ።

«ወጥቷል። አስቀድሼ መምጣቴ ነው» ብሎ ቢያዝን ማለ።

ተቆጣጣሪው ብርሌዋን ከእጄ ወስዶ በሩን አሸገ። ፈቃዱም ከግድግዳ ወርዶ ፍርድ ቤት ሄደ። እትየ ወለተሩፋኤል ባላቸው ሞቶባቸዋል፣ ሌላ መተዳደሪያም የላቸውም፤ ፈቃዱ ከተሰረዘ ቤቱ አለቀለት። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏቸው ችሎት ገባ።

«በሩ ሲከፈት አንቺ የት ነበርሽ?» አሉ ዳኛው፣ ቀኛዝማች ተክለ ጊዮርጊስ።

«ቁስቋም ቆሜ ሳስቀድስ ነበር፣ ጌታዬ።» ንጽሕናቸውን ያስረዱ መስሏቸው ኮራ አሉ።

«ያን ሰዓት ቅዳሴው ምን ላይ ደርሶ ነበር?»

«ገና ድርገት አልወረዱም፤ ሕዝቡ መቼ ቆረበና።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። በለፈለፉ ይጠፉ ማለት ይኸው ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወዲያው አፈርኩ፤ ብርሌዋን የያዝኩት እኔ ነበርኩና።

ዳኛው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «ታዲያ ጥፋቱ የአሳላፊው ነው ትያለሽ?» አሉ። ቢያዝን ከኋላ ቆሞ ላብ አጠመቀው። እትየ «አዎን፣ አባርረዋለሁ» ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

«አልልም፣ ጌታዬ። ዐሥር ዓመት ጠጁን ሲጥልም ሲቀዳም የኖረው እሱ ነው። ጠጪዎቹን ሲጥማቸው ግን ‹የወለተሩፋኤል ጠጅ› ይላሉ እንጂ ‹የቢያዝን› ያለ የለም። ሙገሳውን ስበላ ኖሬ ጥፋቱን እንዴት ለሱ ልስጠው?»

ዳኛው ፈረዱ።

«እንግዲያው ጥፋቱ ያንቺ ነው። ሁለት እሑድ ይዘጋ። ፈቃድሽን ግን ይዘሽ ግቢ። ከእንግዲህ ከከተማው ቅዳሴ ሁሉ መጨረሻ የሚወጣውን ጠብቂ።»

በሦስተኛው እሑድ ደጃፉን ከበን ቆምን። ቢያዝን ቅዳሴው መጨረሻ ከሚወጣበት ከቁስቋም የሚመለሱ ሦስት ሰዎች አስቁሞ ጠይቆ፣ አራተኛውንም ጨምሮ፣ ከፈተ። የመጀመሪያዋን ብርሌ አሁንም እኔ ተቀበልኩ።

«እትየ፣ ጠጅዎ ሸጋ ነው» አልኩ።

«ዛሬስ የቢያዝን ነው በል።»

ቢያዝን መቅዳቱን ሳያቋርጥ፣ «ምነው እሜቴ፣ ምን በደልኩዎ? የእርስዎ ይሁን። ሙገሳው እኔ ዘንድ ከመጣ ክሱም መንገዱን ያውቃል» አለ።