በምስጋና የተዘጋው ትምህርት

ሰፈሩ የሚያወራው እንዲህ ነው፦ የጎልማሶቹን ትምህርት ያስዘጋችው እትዬ ካውያ ናት፤ ፈረንጆቹን ሰድባ አባረረቻቸው። አንዳንዱማ የጋለ ካውያ ይዛ እስከ መኪናቸው ድረስ እንደሸኘቻቸው ይምላል። ከሚምሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ፈረንጆቹ የመጡ ዕለት የምንማርበት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ማንም እንዳልተሰደበ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን ምን ላድርግ፣ ካውያ ያለበት ወሬ ይሞቃል።

እውነቱ ከዚህ ይብሳል። ትምህርቱን ያስዘጋችው በርግጥ እሷ ናት፤ ያስዘጋችው ግን በስድብ ሳይሆን በምስጋና ነው።

እትዬ ካውያ የልብስ ንጽሕና ቤት ተኳሽ ናት፤ ቅጽል ስሟም የወጣላት ከዚያው ነው። ውሃ በጣቶቿ ረጨት ረጨት ታደርግና ከኮሌታው ትጀምራለች። «የሰውን ጭምድድ ሁሉ አቃናለሁ፣ እምቢ ያለኝ የራሴ ፊት ብቻ ነው» ትላለች።

ሴት ልጇ ሩቅ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ በስልክ መልእክት ትጽፍላታለች። እናት ማንበብ ስለማትችል ስልኳን ይዛ ባለሱቁ ጋ ትሄዳለች። ባለሱቁ ደግሞ ጆሮው ከበድ ይላል፤ የሰው መልእክት የሚያነበው ለራሱ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ነው። በዚህ የተነሳ ልጅቷን ጥርሷን እንዳመማት ከእናቷ እኩል ሰምተናል፤ አሠሪዋ እንደምትጮህባትም እንዲሁ። እኔ ከሳሙና መጠቅለያ ላይ ንባብን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሆኖም የሚገዛ ነገር ሳይኖረኝ ወረፋ ይዤ የቆምኩበት ቀን ብዙ ነው። ሲነበብልኝ ይጥመኛላ።

አንድ ቀን የልጅቷ ወዳጅ እንደተዋት ተነበበ። ወረፋው በሙሉ «አይዞሽ!» አላት። እትዬ ካውያ ስልኳን ተቀበለችና፣ «ልጄ ለእኔ ብላ ያለቀሰችውን አገር ተካፈለው» ብላ ሄደች። በማግስቱ ትምህርት ተመዘገበች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የልጇን ቃል ከእኛ ቀድማ ማንበብ።

ትምህርቱን የሚያካሂደው ከባሕር ማዶ ድጋፍ የሚያገኝ ፕሮጀክት ነበር። ማንበብ እየቻልኩ እኔም ተመዘገብኩ፤ ሻይ ከብስኩት ጋር አለ ሲሉ ሰምቼ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትማር መጣህ?» አለችኝ።

«ላበረታታሽ ነዋ፣ እትዬ።»

«ብስኩቱን ነው የምታበረታታው!»

ከፊደል ገበታው እኩሌታ፣ አ ላይ ስንደርስ፣ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ተባለ። አስተባባሪው ሰበሰበን። «ክፍተት ምናምን እንዳታወሩ። ደስ ካላቸው ያራዝሙልናል» አለ። ከልቡ ነበር፤ እኛም አልተከራከርንም። እንግዳ ፊት ጓዳውን የሚከፍት ማን አለ? አስተማሪዋ ለእትዬ ካውያ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠናቻት፦ «ንጹሕ ውሃ ለጤና ይበጃል»። እትዬ ካውያም በበኩሏ የክፍሉን ልብስ በሙሉ ተኮሰች፤ መጋረጃው እንኳ አልቀረም። እኔ ያን ቀን ራሴን በመስታወት ሳየው «እርስዎ» ልለው ምንም አልቀረኝ።

ዋናዋ ገምጋሚ ጠና ያሉ፣ ፊታቸው ደግ የሆነ ፈረንጅ ሴት ነበሩ። እትዬ ካውያ የመጠቆሚያውን ዘንግ ሰሌዳው ላይ እንደ ካውያ እያንሸራተተች ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። ዘንጉ ያረፈው ግን ከዓረፍተ ነገሩ በላይ፣ ቀኑ የተጻፈበት መስመር ላይ ነበር። ገምጋሚዋ የእኛን ፊደል አያውቁም፤ አንባቢዋም ገና ናት። ሁለት የማያነቡ ሰዎች በንባብ ተደስተው ተቃቀፉ። አጨበጨብን፤ ከሁሉ የበረታሁት እኔ ነበርኩ።

ቀጥሎ ገምጋሚዋ በአስተርጓሚ በኩል ጠየቁ፦ «ምን የጎደላችሁ ነገር አለ?»

ጥያቄው ደግ ነው። ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመለሰው ለእኩያ ነው። ይቀጥል ወይ ይዘጋ ብሎ የሚወስን ሰው ሲጠይቅህ፣ ጉድለትህን መናገር ጥፋትህን መናዘዝ ይመስልሃል። እትዬ ካውያ አስተባባሪውን አየችው፤ እሱም ራሱን ወዘወዘላት።

«ምንም! ኧረ ጠግበናል፣ እግዜር ይስጥልን!» አለች።

ገምጋሚዋ ፈገግ ብለው ጻፉ። እትዬ ካውያ በደስታዋ ያኔውኑ ለልጇ ደውላ፣ «እናትሽ እኮ ማንበብ ጀመረች፣ ተጨበጨበላት!» አለቻት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስተባባሪው ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። «ፕሮጀክቱ ግቡን ስለመታ ተጠናቋል» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ችላችኋል ማለት ነው፣ እትዬ። ድጋፉ ወደማይችሉት ይሄዳል።»

«እኛም እኮ አንችልም!»

«እሱንማ ያኔ ነበር መናገር።»

«ዝም በሉ ያልከን አንተ አይደለህ?»

«እኔስ ብሆን ሥራ ፈታሁ አይደል?» አለና አንገቱን ደፋ።

እሷ ግን ሳቀች። «አይ እኔ! በባዶ ሆዴ አገሳሁና ማዕዱን አነሱት።» የሰጧት ምስክር ወረቀት ታጥፎ ስለነበር ቤቷ ወስዳ ተኮሰችው።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ጋ መጣች። የሚገዛ ነገር ባይኖረኝም ወረፋው ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ ጥግ ይዛ ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «እ… ማ…» አለችና ቆመች። «ዬ» የምትገኘው ባልተማርነው የፊደል ገበታ እኩሌታ ውስጥ ነበር። ጥቂት ታገለቻትና ስልኩን ለባለሱቁ ሰጠችው።

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ፣ ማንበብ ስለቻልሽ ደስ ብሎኛል!» ብሎ ጮኸ። «ከእንግዲህ ያ ባለሱቅ ስለማያነብልሽ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ላንቺ ብቻ ልጻፍልሽ…»

ከወረፋው ውስጥ የሰው ነገር ነው ብሎ ወደኋላ ያለ አልነበረም፤ እኔም ሳይታወቀኝ ጠጋ ብዬአለሁ። እትዬ ካውያ ሸሚዝ ሊያቃጥል የደረሰ ካውያ እንደምታነሳ ስልኳን ከእጁ ላይ አነሳች። ባለሱቁን አየችው፤ ወረፋውን አየች፤ በመጨረሻም እኔን፣ አብሮ የተማረውን፣ ማንበብ የሚችለውን። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እዚህ ሰፈር ያልመጣ ሥልጠና የለም» አለች። «ምስጢር መጠበቅ የሠለጠነ ካለ፣ እሱ ያንብብልኝ።»

ጆሮው የሚከብደው ባለሱቅ እንኳ ሰምቷታል።