ባትሪ የጠጣ ማሲንቆ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከኔ በፊትም ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረ፣ ከኔ በኋላም አለ። እንደኔ ያለ ግን የለም። ይሄን ለጉራ አይደለም የምለው፤ ለጉራ ከሆነማ ሌላ ብዙ የምለው አለኝ። ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው፣ እየገረፈ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ቡሬ የነበረው የኪነት ቡድን ተበትኖ ዕቃው ሲሸጥ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን አሮጌ ኦርጋን ገዛሁ። ርካሽ ነበር፤ ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ነበረው። ቁልፎቹ የየራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ አሥሩንም ጣት ባንዴ ብትጭንበት ግን የሚያሰማህ አንዱን ብቻ ነው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጭኜው እኔ ታች መስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ። ጥቅምት ነው፣ ሜዳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ኦርጋኑ ከላይ ብቻውን ሲዘፍን ሰማሁት፤ የኑጉ አበባ ሁሉ አንገቱን እያዞረ ይከተለናል። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ረዳቱ ጣሪያውን ሲደበድብ ነቃሁ። እስከ ዛሬ የቱ ጋ ህልሙ እንዳለቀ አላውቅም።

ከጅጋ ወዲህ ገጠር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ያገሩን ሴት ልጅ ሁሉ በማሲንቋቸው የዳሩ እሳቸው ናቸው። ኦርጋኑን ከመግዛቴ ዓመት ቀደም ብሎ ከበቅሎ ወድቀው የግራ እጃቸው ጣቶች እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀሩ፤ የሚታዘዛቸው አውራ ጣታቸው ብቻ ነው። በገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ይቀመጣሉ።

"ጥር ላይ ልጄን ልድር ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "ያለችኝ እሷው ናት። የሰው ልጅ ሁሉ በኔ ማሲንቆ ወጣ፣ የኔዋ በቴፕ ልትወጣ ነው። የወንድ ወገኖች ቴፕ እናመጣለን ብለዋል።"

"ጋሼ፣ እኔ እያለሁ?"

"አንተ ደግሞ ምን ልታመጣ? ጣት ትበይዳለህ?"

"ጣት አልበይድም። ላንድ አውራ ጣት የሚበቃ ማሲንቆ ግን እሠራልዎታለሁ።"

ይሄን ያለው አፌ ነው፤ ጭንቅላቴ ገና አልሰማም ነበር። በኋላ ግን ሳስበው፣ ማሲንቆስ ቢሆን ያለው አንድ ክር አይደል? ያ ሁሉ ሰው የናቀው ኦርጋን ለካ ማሲንቆ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው አጥቶ ነው እንጂ።

መጀመሪያ እንዳለ ሰጠኋቸው። ባውራ ጣታቸው ቁልፎቹን ተራ በተራ ነኩና ፊታቸውን ቅጭም አደረጉት።

"ይሄማ ደረጃ ነው" አሉ። "ማሲንቆ ደረጃ የለውም፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው።"

ሆዱን ከፈትኩት። ሚስቴ፣ "ሰው ለሠርግ በሬ ያርዳል፣ የኔ ባል ኦርጋን ያርዳል" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ቁልፎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ቆርጬ ከተጣለ ሬዲዮ በፈታሁት መዘውር ተካሁት፤ አናቱ ላይ ደግሞ የጀሪካን ክዳን ገጠምኩ፣ ለአውራ ጣት እንዲመች። ክዳኑን ስታዞረው ድምፁ እንደ ጉም ከወንዝ ወደ ተራራ ይወጣል፣ መልሰህ ስታዞረው ይወርዳል። እኔ ራሴ ፈዝዤ ቀረሁ። ደንበኛ ቆሞ ቢጠራኝ አልሰማም።

ሽማግሌው መጥተው ሞከሩት። ዳገቱን ወደዱት። ትንሽ ቆይተው፣ "ይሄ ነገር አይተነፍስም እንዴ?" አሉ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ማሲንቆ ደጋኑ ሲመለስ ትንፋሽ ይወስዳል። ይሄ እንደ ወፍጮ ቤት ዝም ብሎ ይጮሃል።"

ቀኝ እጃቸው እኮ ጤነኛ ነው! ደጋናቸውን አስመጣሁና በገመድ ከድምፅ መጨመሪያው ጋር አሰርኩት፤ መላሽ እንዲሆን የጎማ ቁራጭ ጨመርኩበት። ደጋኑ ሲሳብ ድምፁ ይመጣል፣ ሲመለስ ይደክማል። ሽማግሌው ሳጥኑን አቅፈው፣ አየሩን እየገዘገዙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫወቱ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንደኔ ያለ ሰው አልተፈጠረም።

የሠርጉ ለት ኦርጋኑንና የመኪና ባትሪ በአህያ ጭነን ገባን። ዳሱ ውስጥ የወንድ ወገኖች ቴፓቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"አባት፣ ክሩ የት ጠፍቶ ነው ሳጥን የሚገዘግዙ?" አለ አንዱ ሚዜ። ሰው ሳቀ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ደጋኑን ሳቡና ተቀኙለት፦

"ጣቴ ደርቆ ነበር ዝናብ አጥቶ እንደ ማሳ፣
ባትሪ ጠጥቶ መጣ ለሙሽራ ተነሳ።"

ዳሱ በእልልታ ተናጠ። ሚዜውም ቴፑን ቀስ አድርጎ አግዳሚው ስር ሸጎጠው።

ፀሐይ ስትበረታ ግን ዓይኔን ከኦርጋኑ ላይ አልነቀልኩም። ኦርጋን ሲሞቀው ድምፁ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ይሄዳል፤ ይሄን አውቃለሁ፣ አልነገርኳቸውም። ድምፁ ሊሸሽ ሲል አውራ ጣታቸው ቀድማ ክዳኑን መለስ ታደርገዋለች፣ ሊሸሽ ሲል መለስ። ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም። ጭብጨባው፣ ጠላው፣ የቅጠሉ ጥላ ሁሉ ተቀላቅሎብኝ፣ ያቺ አውቶቡስ ውስጥ ያየሁት ህልም መሰለኝ።

ሙሽራይቱ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። መጥታ አባቷ እግር ስር ተንበረከከች፣ ጉልበታቸውን ሳመች። ሊመርቁ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ደጋኑ ከጃቸው አልወጣም፤ ገመዱ ተሳበ፣ ኦርጋኑም ረጅም ድምፅ አወጣ። እኔ ልፈታው ዘለል ስል ሽማግሌው በዓይናቸው ገቱኝ።

"ውለጂ፣ ክበጂ" አሉ።

"አሜን!" አለ ሰው።

"ደጅሽ ዘፈን አይጣ።"

"አሜን!"

እጃቸው እንደተነሳ ነው። ምርቃቱ ረዘመ፤ እጃቸው ከወረደ ልጅቱ ተነሥታ ትሄዳለች። ባትሪው መድከም ጀመረ፣ ድምፁም አብሮ እየወረደ፣ እየወፈረ፣ እንደ ንብ ሆነ። አውራ ጣታቸው አሁን አላስተካከለችውም፣ ተወችው። ልጅቱ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረገች፣ እጃቸውም እንደተነሳ፣ ሁላችንም አሜን እንዳልን፣ ድምፁ ከጆሯችን ወጥቶ ወደ መሬት ገባ።

ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን ያወረዱ።