ሙዚቃው ቆሞ መብራቱ የጨፈረ ዕለት

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ጅግጅጋ ነው። ሰው ሁሉ እውነቱን ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም፤ የምጽፈውም እንዳይረሳ ነው።

የልጅ ልጄ ሂቦ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ሙዚቃ እየሰማ የሚጨፍር የመብራት ሰሌዳ ሠራች። ትንንሽ ባለቀለም አምፖሎችን ጣውላ ላይ በሦስት ረድፍ ደረደረች። አንዲት ማይክ ድምፁን ትቀበላለች፣ ከጀርባ ያለው ሰርኪት ይለየዋል። ወፍራም ድምፅ ታች ያለውን ቀይ ረድፍ ያበራል፣ ቀጭኑ ከላይ ያለውን ሰማያዊ፣ የቀረው መሀል ያለውን አረንጓዴ። እስክታስተካክለው ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀሪካን እንደ ከበሮ የመታሁላት፣ የሠርግ ዘፈን የዘፈንኩላት እኔ ነኝ።

ከዚያ የወጣቶች የፈጠራ ውድድር መጣ። አንደኛ የወጣው አዲስ አበባ ሄዶ ይሠለጥናል። ሂቦ ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰሌዳውን መስኮቱ ሥር እናድርገው፣ ሰው ሁሉ ይየው ያልኩት እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከመስኮቱ ውጭ ጄኔሬተር ያጓራ ነበር። ልብ አላልኩትም።

ሂቦ ሙዚቃ ከፈተች። ሦስቱም ረድፍ ተንቀለቀለ፣ ሰው አጨበጨበ። ዋናው ዳኛ፣ ኢንጂነር ነው የሚባለው፣ "እስቲ አጥፊው" አላት። አጠፋችው። ቀዩ ረድፍ ግን መብለጭለጩን አልተወም።

ዳኛው የአዳራሹን ማይክ አነሳ። "አያችሁ? ሙዚቃ የለም፣ መብራቱ ይጨፍራል። ይሄ ምንም አይሰማም። ዝም ብሎ እንዲብለጨለጭ የተሠራ ማታለያ ነው።"

"ጂኒ ነው የሚያስጨፍረው" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

"ጄኔሬተሩን እየሰማ ነው" አለች ሂቦ።

"ጄኔሬተር ዘፋኝ ሆነ እንዴ?" አለ ዳኛው። ደግመው ሳቁ። ሂቦ አንገቷን ደፋች።

ተነስቼ ወጣሁ። ጄኔሬተሩን የሚጠብቀውን ሰውዬ "አጥፋው" አልኩት።

"ኤዶ፣ ሳልታዘዝ አላጠፋም" አለኝ፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሴት ኤዶ ትባላለች።

"ይኸው ታዘዝክ።"

አየኝና አጠፋው። ስመለስ ማራገቢያው ቆሟል፣ የዳኛው ማይክ ሞቷል። ሰሌዳው የራሱ ባትሪ አለው፤ ግን ጨልሟል። አንድም አምፖል አይበራም። መሀል ቆሜ እልል አልኩ። ሰማያዊው ቦግ አለ። ሳቆም ጠፋ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ወንበር የሚደበድብም ተገኘ፤ ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች በራ።

ዳኛው ወረቀቱን ሰበሰበ። "ጥሩ ነው ኤዶ። ግን ነጥቡ ተሞልቶ ተፈርሟል።"

"እስክሪብቶህ አለቀ?" አልኩት። አዲስ አበባ ሌላ ልጅ ሄደ። በዚያ ልጅ ላይ ቂም የለኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳኛው አንድ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ቴምር ይዞ ቤቴ መጣ። ነገሩን ቤቱ ሆኖ ሲያስበው እንደተሳሳተ ገባው። "ይቅር በሉኝ" አለ። ቤቴ የመጣ ሰው ነውና ሻይ ሰጠሁት።

"አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው አታላይ ያልካት" አልኩት። "እዚህ ያለነው አራት ነን። እዚያው ሄደህ ተናገር።"

"ኤዶ፣ ደጅሽ ድረስ መጥቷል እኮ" አሉ ሽማግሌው።

"መምጣቱንማ አየሁ።"

ሂቦ እጄን ያዘች። "አያዬ፣ እኔ ትቼዋለሁ።" እሷ ትተወው፣ በራሷ ድርሻ አላዛትም። እኔ ግን ቴምሩን መልሼ አስያዝኩት።

አሁን ሂቦ የሠርግ መብራት ትሠራለች፤ እስከ ሀርሺን ይጠሯታል። ሥራዋ መልካም ነው። ባለፈው ግን አንዲት የሙሽራ እናት ጠጋ ብላ "ያቺ ስታጭበረብር የተያዘችው ልጅ ይቺ ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት አልፎ ማለት ነው። ሴትዮዋ የሰማችው የዳኛውን ማይክ ነው፤ የቤቴን ይቅርታ ከየት ትስማ?

ጎረቤቶቼ ግትር ናት ይሉኛል። ይበሉ። አዳራሹ እዚያው አለ፣ ቁልፉ ከማን እጅ እንደሆነም አውቃለሁ። ዳኛው በመጣ ቀን አስከፍትለታለሁ።