በሰው ስም ላይ የጻፍነው ስም

ያን ቀን ወደዚያ ሱቅ የገባነው ለጓደኛዬ እናት የቱርክ ድራማ ልናስጭን ነበር። ሱቁ እዚሁ ሰፈራችን፣ ፋሲሎ ነው፣ ከቤታችን ሁለት መታጠፊያ ወረድ ብሎ። ፍላሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ሰውየው የፈለግሽውን ይጭንልሻል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን መቼም ጠፍቶ አያውቅም። ጓደኛዬ ፍላሹን እየሰጠች ሳለ እኔ እንዲያው ቀና አልሁ። አንዲት የካርቱን ልጅ ታንኳ ውስጥ ቆማ ለአያቷ እጇን ዘርግታለች፤ ከሥሯ በቢጫ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦

«መቅሰፊያውን ያቀብሉኝ።»

ልቤ ቀጥ አለች። ልጅቷ የጠየቀችው መቅዘፊያውን ነው። መቅሰፊያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም፤ ያለው እኔ የጻፍሁት ብቻ ነው። ስልኬ ላይ «ዘ»ን እና «ሰ»ን የሚያስጽፉት ቁልፎች ጎረቤት ናቸው፣ እጄ አዳለጠኝ፣ ሳላየው አለፈ። ያየ ሁሉ ስቆብኛል። «አያትየው ጀልባ ውስጥ መቅሰፍት ጭነው ነው እንዴ የሚዞሩት?» ብሎ የጻፈልን ሰው ነበር። ላስተካክለው አስቤ ሰነፍሁ። ስንፍናዬ አሁን ምስክሬ ሆነ።

እኔና ጓደኛዬ የጃፓን አኒሜ በአማርኛ እንተረጉም ነበር። እንተረጉም ነበር ስል ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ቃሉን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጽሑፉ መቼ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ መቼ እንደሚጠፋ በሴኮንድ የምትቆርጠው እሷ ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከሱቃቸው ጀርባ፣ በጣቃዎቹ መሐል፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ከትምህርት መልስ እዚያ ነበር የምንውለው። ጨርሰን ቻናላችን ላይ እንለቅቀዋለን፣ ሰው በነጻ ያያል፣ እኛ ደግሞ አስተያየቱን እያነበብን እንቦርቃለን።

የመረጥነው ታሪክ በሐይቅ ዳር መንደር ስለምትኖር፣ ከአያቷ ጋር ሰው ስለምታሻግር ልጅ ነው። ገና የመጀመሪያውን ክፍል ሳይ «ይችማ የኛ ልጅ ናት!» አልሁ። የምተረጉምበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትንሽ ጀልባ የሚላትን እኔ ታንኳ አልኋት፣ ውሃው ላይ በደንብ ተቀመጠች። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ ለአያቷ ስትናገር የጃፓንኛው ቃል መጨረሻው ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፤ ለጓደኛዋ ስትናገር ይቆረጣል። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ አስቀምጦታል። እኔ አያትየውን «እርስዎ» አልኋቸው፣ ጓደኛዋን «አንች»። እንግሊዝኛው የጣለውን ጃፓንኛውና አማርኛው በላዩ ተጠቃቅሰው ያገኙት መሰለኝ። ያን ቀን ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ጣቃዎቹ መሐል ዘለልሁ፤ ጓደኛዬ «ወላሂ አባቴ መጥቶ ካየሽ ሁለታችንንም በሜትር ለክቶ ይሸጠናል» አለችኝ።

ልጅቷ የምትናገረው እኔ እንደምናገረው ነው። «ሄድሁ» ትላለች፣ «ሄድኩ» አትልም። አንዳንዱ «የገጠር አማርኛ ነው፣ ቀይሩት» ብሎ ጻፈብን። አንድ ሳምንት አመነታሁ። በኋላ ግን እንዲህ አልሁ፦ የሐይቅ ልጅ አይደለችም እንዴ? ሐይቃችን ዳር እንዲህ ነው የሚወራ።

እንግዲህ ሱቁ ውስጥ ቆሜያለሁ። ያ ክፍል አልቆ ቀጣዩ ሲጀምር አየሁ፤ መነሻው ላይ የኛ ስም የነበረበት ቦታ በጥቁር መደብ ተሸፍኖ የሱቁ ስም ተጽፎበታል።

«ይኸን ማን ነው የተረጎመው?» አልሁት ሰውየውን።

«አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ነው፣ እህቴ። ጃፓንኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው።»

ልክ በዚያች ቅጽበት ልጅቷ ታንኳዋን ገፋ አድርጋ «እኔ ቀድሜ ሄድሁ፤ እናንተ ቀስ ብላችሁ ኑ» አለች።

ጓደኛዬ አገጯን ይዛ ቴሌቪዥኑን አየችው። «አዲስ አበባም 'ሄድሁ' ማለት ጀመሩ? ማሻአላህ፣ ቋንቋችን ደረሰላቸዋ!»

ሰውየው ቀልዱ አልገባውም። «ብቻ ሰነፍ ነው» አለ። «አሥራ አንድ ክፍል ልኮ የመጨረሻዋን አስቀረብኝ። ደንበኛ መጨረሻውን ካላየን እያለ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል።»

ሰነፍ! የመጨረሻው ክፍል ትርጉም እኮ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ደብተሬ ላይ፣ ከባዮሎጂ ኖት ቀጥሎ ተጽፎ ነበር።

ቤት የደረስሁት በሩጫ ነው። አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ላይ በመቃ ብዕር ይጽፋሉ፣ ከሐይቁ ገዳማት የተጎዳ መጽሐፍ ሲመጣም ይጠግናሉ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ሰረቁኝ!» አልሁ።

«ምንሽን? ስልክሽን?»

«ጽሑፌን!»

አባቴ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ስልኬን ብል ኖሮ የሚያስቀምጡት አይመስለኝም። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ «እስቲ አሳይኝ» አሉ። ሥራዬን ሳሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከስልኬ ላይ እያንዳንዱን መስመር እንደ ቤተ ክርስቲያን ንባብ ድምፅ አውጥተው አነበቡት። መቅሰፊያዋ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸውን ዋጡ። አያትየው «እርስዎ» ሲባሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያች ንቅናቄ እስካሁን ታሞቀኛለች።

ከዚያ «ቆይ፣ መነሻውን መልሽው» አሉ።

መለስሁት። የኛ ስም በቢጫ፣ በትልቁ ወጣ።

«ይኸ ከስማችሁ ሥር የተደበቀው ምንድን ነው?»

«የጃፓን ጽሑፍ ነው፣ አባባ።»

«ምን ይላል?»

«ስም ነው።» ድምፄ ቀነሰ። «የሠሩት ሰዎች ስም።»

«ምን ምን ይባላሉ?»

«እንጃ። ከማየት ብዛት ጃፓንኛ ትንሽ እሰማለሁ እንጅ አላነብም።»

«እህ» አሉ። የሚጠግኑትን መጽሐፍ ገልጠው ጣቴን ያዙና አንድ መስመር ላይ አስቀመጡት። ሌላው ብራና ልስልስ ነው፤ እዚያች ቦታ ግን እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል።

«ያስጻፈው ሰው ስም ነበረ» አሉ። «ከጊዜ በኋላ መጽሐፉ ሌላ ሰው እጅ ገባ፤ የመጀመሪያውን ፍቆ የራሱን አስጻፈበት። ይኸው እኔ ስጠግን የፋቀውን ሰው ስም ነው የማነበው። የተፋቀውን ለማንበብ ስንቴ ወደ ፀሐይ ይዤው ወጣሁ መሰለሽ።»

ተናደድሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያዝኑልኛል ብዬ ነበር የሮጥሁ። «እኛ እኮ አንሸጥም!» አልሁ። «በአማርኛ የተረጎመው ሌላ ሰው የለም! እኛ ባንሠራው ማንም አያየው!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ አባቴ። ልክ ነሽ መባል እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሁለት ቀን በሆዴ ይዤው ዞርሁ። ሰውየው ከኛ የወሰደውንና እኛ ከነሱ የወሰድነውን ጎን ለጎን አደርገዋለሁ፣ አንድ አይደለም እላለሁ፣ እውነትም አንድ አይደለም፤ ግን ያ የሻከረ ቦታ ከጣቴ አልጠፋ አለ። በመጨረሻ የታሪኩ ባለቤት ለሆነው ድርጅት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። ማን እንደሆንን፣ ምን እንደሠራን፣ ስማቸው ላይ ስማችንን እንደጻፍን፣ ቢፈቅዱልን አስተካክለን እንደምንቀጥል። ያሰብሁትን የሚመስል ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ለጓደኛዬ ያነበብሁላት ከላክሁት በኋላ ነው።

«አንች ልጅ ጤና የለሽም!» ብላ ከጣቃው ላይ ተነሣች። «ሌባው ራሱ ጣቢያ ሄዶ፣ 'እኔን ትፈልጉኝ ነበር?' ይላል?»

«ቢፈቅዱልንስ?»

«ባይፈቅዱስ? አሥራ አንዱም ይጠፋል። የኔ ሴኮንዶች ሁሉ ይጠፋሉ!»

ልክ ናት። የፈራሁትም እሱን ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀምሬ ያልተውሁት ነገር ያ ነበር፤ ማንም ሳያዝዘኝ የጻፍሁት፣ ሰው የሳቀበት፣ ሰው ያለቀሰበት። ከወረታ የምትጽፍልን አንዲት እናት «ልጄ ትምህርት ቤት ያላነበበውን ፊደል በናንተ አነበበ» ብላን ነበር። አንድ ኢሜይል ያን ሁሉ ሊወስደው ይችላል፤ መንገዱን ደግሞ የጠቆምኋቸው እኔ ነኝ።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤ አጭርና ትሑት ነው። ታሪኩን ስለወደዳችሁት እናመሰግናለን፤ ትርጉምም ሆነ ሥርጭት ለግለሰብ መፍቀድ አንችልም፤ ክፍሎቹን እንድታወርዷቸው እንጠይቃለን። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እኔም ቁጡ እሆን ነበር፣ ይቀለኝ ነበር።

ሐይቁ ዳር ሄደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውሃው ቡናማ ሆኖ እግራችን ሥር መለስ ቀለስ ይላል። ጓደኛዬ ስልኩን ያዘች፣ እኔ ተጫንሁ። እያንዳንዱን ክፍል ስናጠፋ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። እናቴም እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ሰውየው ግን አሁንም እየጫነ ነው» አለች ጓደኛዬ። «እሱ ሳይጠይቅ ይሠራል፣ አንች ጠይቀሽ ተዘጋብሽ። እስቲ ፍርዱ የት ላይ ነው?»

አላውቅም አልኋት። አሁንም አላውቅም። እነሱ በአማርኛ አላወጡትም፣ ምናልባት ለዘለዓለም አያወጡትም፤ የወረታው ልጅ ምን በደላቸው? ይኸን ሳስብ እነሱ ላይ እናደዳለሁ። ደግሞ እነዚያን ስማቸውን የማላነበውን ሰዎች አስባለሁ፤ ያችን ታንኳ ውሃው ላይ ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ እንደሣሏት። የሥራቸው ነገር ሲወሰን ቢያንስ ይጠየቁ አልሁ፤ ተጠየቁ፤ እንቢ አሉ። የጠየቀ ሰው እንቢን መስማት አለበት፣ አለዚያማ መጠየቅ አይደለም።

ጓደኛዬ ግን መተው አልቻለችም። በማግስቱ ሱቁ ሄዳ ለሰውየው አፍረጥርጣ ነገረችው፤ «አዲስ አበቤው ጓደኛህ ይችት፣ ቀሚስ ለብሳ!» ብላ። እኔ ስደርስ ሰውየው ቀልቷል። ጥሩ ሰው ነው፣ ማለቴ መጥፎ ሰው አይመስልም።

«እህቴ፣ አላወቅሁም» አለኝ። «ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው ያገኘሁት። አሁን እንካስ። የመጨረሻዋን ስጭኝ፣ አሥራ ሁለቱም ላይ ስምሽን እመልሳለሁ። ያውም ከበፊቱ ትልቅ አድርጌ!»

ብዋሽ ይታወቅብኛል፤ ጓጓሁ። ስሜን በትልቁ አየሁት፣ በቢጫ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ እጄም ዚፑ ላይ።

«የት ላይ ነው የምትጽፈው?» አልሁት።

«መነሻው ላይ ነዋ! ያ የማይነበብ ነገር ያለበት፣ ባዶ ቦታው ላይ።»

እጄን ከዚፑ አነሣሁ።

«ባዶ አይደለም» አልሁት።

«እ?»

«ባዶ አይደለም፣ ወንድሜ። ስም ነው።» ቦርሳዬን ይዤ ወደ በሩ ሄድሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ዞር አልሁ። «ባለቤቶቹ አውርዱ ብለዋል፤ አላወርድም ካልህ ቢያንስ መቅሰፊያውን አስተካክለው፤ መቅዘፊያ ነው!»

የመጨረሻውን ክፍል እሑድ ከሰዓት ቤታችን አየነው፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነጻ ከሚያሳዩበት ገጽ፣ በጃፓንኛ። አባቴ፣ ጓደኛዬና እኔ። አማርኛውን ከደብተሬ ላይ በድምፄ አነበብሁላቸው፣ ልጅቷንም አያትየውንም እየሆንሁ። አያትየው ታንኳዋን ለልጅቷ ሲያስረክቧት ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ጓደኛዬ «ሴኮንድ አሳለፍሽ!» ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ፣ እሷም ግን አፍንጫዋን እየሳበች ነበር።

ሲያልቅ ስሞቹ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ልዘጋው ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። ማናችንም የማናነበውን ስም እስከ መጨረሻው አየነው፤ ረጅም ነው። እኔም ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከአባቴ ብራናዎች መጨረሻ የተማርሁትን ጸሎት በራሴ ቃል ጽፌ ነበርና አነበብሁት፦ ለሣሉት፣ ላሣሉት፣ ለተናገሩት፣ ለተረጎመችው፣ ለሰሙት፣ ለሁሉም ምሕረትን ያድርግላቸው።

አባቴ አሜን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ አባባ፣ ሴኮንድ የቆረጠችውስ?»

አባቴ ሳቁ። የራሳቸውን ብዕር አቀበሉኝ፤ በመስመሮቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ማንንም ሳልሸፍን፣ ጨመርኋት።