ፍሬኑን የረገጠው ማን ነው?

እልል በሉ! ስድስቱም ማኪና እዚሁ አዘዞ ቀሩ፤ ባሕር ዳር የሚሄድ የለም! ወሬው ትኩስ ነው፤ ከባለጉዳዩ አፍ ነው የሰማሁት።

ባለጉዳዩ ስማቸው የሚባለው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የማኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ ሰው። መብራት አልበራ ያለው፣ ጡሩምባው የዘጋው፣ ባትሪ እያደረ የሚደክምበት ሹፌር ሁሉ፣ ወደ ፀዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው የቆርቆሮ ቤቱ ቆሞ “ስማቸው፣ እስቲ እያት” ይለው ነበር። ነበር ነው እንግዲህ፤ ዓምና ማስተዋል ፊት ለፊቱ ጋራዥ እስክትከፍት ድረስ።

ማስተዋል ከጭልጋ የመጣች፣ ኮሌጅ የተማረች ሴት ናት። ኮምፒውተር አላት፤ ሽቦውን ከመሪው ሥር ትሰካና ማኪናዋ ሕመሟን ራሷ ትናገራለች። ስማቸውን ቅናት ያዘው። እኔ አልፈጠርኩትም፣ ራሱ ነው የነገረኝ። “ጧት በሬን ስከፍት የማየው የራሴን ደንበኛ አይደለም፣ የሷን ነው” አለኝ። የቱታዋ ንጽሕና ያናድደዋል። ሳቋ መንገዱን ተሻግሮ ጆሮው ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ለሚስቱ ለይርገዱ፣ “አሁን የኮምፒውተር መስታወት እያዩ ማኪና መሥራት ሙያ ነው?” ቢላት፣ “እሷን እያዩ መዋልስ ሙያ ነው?” ብላ አፉን አስያዘችው።

ባለፈው ሳምንት ነገሩ ባሰ። ላቀው መጣ። ላቀው ቱሪስት በሚያመላልስ ድርጅት የሹፌሮች አለቃ ነው፤ ስድስት ማኪና በእጁ ነው፤ የስማቸውም የቆየ ወዳጅ። የሚነዳት ማኪና ክሩዟ እምቢ ብላዋለች። ክሩዝ ማለት ሜዳ መንገድ ላይ ቁልፏን ተጭነው እግርን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ፣ ማኪናዋ በያዘችው ፍጥነት ራሷ የምትሄድበት ነገር ነው። ላቀው ጉልበቱን ያመዋል፤ ያለ ክሩዝ እንፍራንዝን አልፎ ባሕር ዳር መድረስ ጣር ሆኖበታል። ታዲያ ማኪናዋን የት ያቆማት ይመስላችኋል? ማስተዋል በር ላይ! ከዚያው ሆኖ ጮኸ።

“ስማቸው፣ አትቀየመኝ! ይቺ የኮምፒውተር በሽታ ናት። ብልሽቷን ያገኘ ከእንግዲህ የስድስቱንም ማኪና ሥራ ይይዛል። እስከ ዓርብ ካልተገኘ ግን ሁሉንም ባሕር ዳር ነው የማሠራቸው!”

ስማቸው ሁለት ቀን ሥራ ፈቶ ሲያይ ዋለ። የማስተዋል ኮምፒውተር “ፍሬኑ ተረግጧል” ይላል። ፍሬን ከተረገጠ ክሩዝ አይሠራም፣ ደንቡ ነው፤ ፍሬኑ ላይ ግን የማንም እግር የለም። የፍሬኑን ማብሪያ ቀየረች፤ ያው። ፊውዙን አየች፤ ደህና። ሽቦውን እየገለጠች ተከተለች፤ ያው። ስማቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው። ሐሙስ ላቀው ማኪናዋን አሻግሮ ደጁ ላይ አቆማትና፣ “ልጅቱን አቅቷታል፤ በል ተራው ያንተ ነው” ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ስማቸው ቁመቱ የጨመረ መሰለው።

ገና ከመሪው ሥር ከማጎንበሱ ማስተዋል ኮምፒውተሯን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

“አያ ስማቸው፣ ቆሜ ባይ ይከፋዎታል?”

“ምነው? ልትሰልይኝ ነው?”

“ልማር ነው እንጂ። ይኼ ተረግጧል ይለኛል፤ ማን እንደረገጠው አይነግረኝ።”

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው። ከኪሱ የድሮ መፈተሻውን አወጣ፦ ሁለት ሽቦ የተቋጠረባት ተራ አምፖል። የፍሬን መብራቱ ሽቦ ኃይል ይዞ እንደሆን ሊያይ፣ አንዱን ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላውን የማኪናዋ ብረት ላይ አስነካ። አምፖሏ አልበራችም።

“አያ! ለቀቀው!” ብላ ጮኸች ማስተዋል። “ተለቋል አለ!”

መፈተሻውን አነሣ። “አሁንስ?”

“ተረግጧል።”

መልሶ አስነካ።

“ተለቋል!”

ያን ጊዜ ገባው። ማኪናዋ ፍሬኑ መለቀቁን የምታውቀው በፍሬን መብራቱ አምፖል ውስጥ ባለችው ቀጭን የብረት ክር በኩል ነው። ከኋላ የተገጠሙት ግን ክር የለሽ፣ ኤልኢዲ የሚባሉ ደማቅ አምፖሎች ናቸው፤ ክሩን ስታጣው ተረግጧል ብላ ትደመድማለች። የመፈተሻው ተራ አምፖል ክሩን አበደራት።

“እነዚህን ኤልኢዲዎች ማን ነው የገጠማቸው?” አለች ማስተዋል።

“እኔ” አለ ስማቸው መሬት መሬት እያየ። “ለጥምቀት። ላቀው ታቦት ሳጅብ ከኋላ ትድመቅልኝ ብሎኝ።” ከዚያ ወዲህ የላቀው ሥራ ወደ ደባርቅ ተራራ ስለነበር፣ ክሩዙን የሞከረው ሰው አልነበረም።

ላቀው ጥርሱን እየፋቀ ተመለሰ። “እህ፣ ማን አገኘው?”

አንዲት ቃል ከማስተዋል ብትወጣ ስድስቱ ማኪና መንገዱን ሊሻገሩ ነው።

“እሳቸው” አለች።

ይህንንም ቀናባት! ኮምፒውተሩ ሳያንስ በደግነትም ልትበልጠው?

“ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ!” ብሎ አፈረጠው። “በጥምቀት አምፖልህ! ያለሷ ኮምፒውተርም አላገኘውም ነበር።”

ላቀው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ሳቁ መጣ። “አድምቅልኝ ባዩ እኔ! እንግዲያ ፍሬኑን ስረግጥ የከረምኩት እኔ ነኛ!”

ተራ አምፖሎች ተገጠሙ፤ ሦስቱም ቁልቁል ነዱ። ማክሰኝት ሜዳ ላይ ላቀው ቁልፏን ተጭኖ እግሩን አነሣ፤ ማኪናዋ ውልፍት ሳትል ሄደች። “ሸጋ! ሸጋ!” ይላል። ከፊት የተቀመጠችው ግን ማስተዋል ናት፤ ስማቸው ከኋላ ሆኖ ከንፈሩን ነከሰ።

አዘዞ ሲደርሱ ላቀው ፈረደ። “ስድስቱንም ማኪና ሁለታችሁም ያዟቸው። ማን በር ላይ እንደሚቆሙ ተስማሙ።”

“እኔ በር ላይ!” አለ ስማቸው፣ ላቀው ሳይጨርስ።

“ይሁን፣ አያ፤ እኔ እሻገራለሁ” አለች።

መቅናቱን ትቷል አልላችሁም። ዛሬ ጧት ግን “ምነው ዘገየሽ?” ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ኧረ እናንተን ሳጫውት! የስማቸው እህት እናኑ ወለቃ ሆና እስካሁን አልሰማችም፤ ስልኳንም አታነሣ። ባጃጁ ሊሞላ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ሮጥሁ!